ፎርክ የተሠራው እንዲንቀሳቀስ ነው፤ ስለ አሮጌ ቱሪንግ ሞተር ጥገና ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ስለ አሮጌ ቱሪንግ (የረጅም መንገድ) ሞተሮች መሪና የፊት ፎርክ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ይዘው ምቱን ስለሚያለዝቡት ሁለት እግሮች፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በሞተረኞች መካከል እየዞረ ነው። ለእኔም ከአንድ በላይ ወዳጅ ልኮልኛል። አንዱማ «በዚህ መሠረት ልፍታው ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። «ቆይ» አልኩት። ለምን «ቆይ» እንዳልኩ እዚህ ልጻፍ።

ጽሑፉ ባጭሩ ይህን ይላል። ፎርኩ ዘይት ካፈሰሰ ኦይል ሲሉን (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ቀለበት) ቀይር፤ ቁጥሩ የሚገጥም ከሆነ ማንኛውም ይሆናል። መንገዳችን ኮረኮንች ስለሆነ ወፍራም ዘይት ሙላ፤ የሞተር 40 ቁጥር ይበቃል። በሁለቱም እግር እኩል ሚሊ ሊትር ጨምር። የቦታ ከፍታ የሚነካው ካርቡራተርን እንጂ ፎርክን አይደለም። መሪው ከተንቀጠቀጠ የአንገቱን (መሪው የሚዞርበትን) ዳዶ አጥብቅ። ወድቀህ መሪው ከተጣመመ ጎማውን በጉልበትህ መሃል ይዘህ ጠምዝዘው። መሪው ማሰሪያው ውስጥ የሚንሸራተት ከሆነ የቆርቆሮ ቁራጭ ጣልበት። የቶርክ ቁልፍ (ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካው) የሀብታም ዕቃ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

ጸሐፊው ሞተር የሚወዱ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ባለቤቱ ራሱ ቁልፍ ይዞ እንዲሠራ ማበረታታቸውም ደግ ነው። የእኔ ጠብ ከአንድ ዝንባሌያቸው ጋር ነው። ያልተመቻቸውን ሁሉ በማጥበቅና በማወፈር ይፈቱታል። ፎርክ ግን ሥራው መንቀሳቀስ ነው። የመሪ ሥራ ደግሞ ያለ ተቃውሞ መዞር። ሁለቱን ካሰርናቸው የመንገዱን ምት የሚቀበለው ክንዳችንና ወገባችን ይሆናል።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሞተሬ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ቢኤምደብልዩ አር 80 አርቲ ነው። በሰኔ 2011 ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ከወጣ ወዲህ፣ በእኛ ሰፈር ሸራ ለብሶ የቆመ አሮጌ ሞተር ማየት ብርቅ አይደለም። የቆመ ሞተር ደግሞ ከሚነዳው የተለየ ሕመም አለው። ጸሐፊው ይህን ልዩነት ጨርሶ አላነሱትም። ብዙው ስህተታቸው የሚጀምረው ከዚሁ ይመስለኛል።

እንግዲህ ከመፍሰሱ እንጀምር። ኦይል ሲል አብዛኛውን ጊዜ ተጎጂ ነው እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ማን እንደጎዳው ሳይታወቅ አዲስ መግጠም አዲሱንም ማስጎዳት ነው።

ቀላሉ ምክንያት ቆሻሻ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈሮቻችን የሚገቡት መንገዶች በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ናቸው። ጭቃው በሚያብረቀርቀው የፎርክ ቱቦ ላይ ይደርቃል። ፎርኩ ሲጨመቅ የደረቀው ጭቃ አቧራ መከላከያውን አልፎ ኦይል ሲሉ ከንፈር ሥር ይገባል። ዘይት ለማሳለፍ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትበቃለች። ይህኛው መፍሰስ አንድም ብሎን ሳይፈታ ሊድን ይችላል። አቧራ መከላከያውን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማንሳትና ዙሪያውን ማጽዳት። ከሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ ጫፉን መንጠቆ ማስመሰል፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ከዚያ በቱቦውና በኦይል ሲሉ መሃል አስገብቶ ዙሪያውን መሳብ። ጥቁር ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ፎርኩን ጥቂት ጊዜ ተጭኖ መልቀቅ፣ ቱቦውን መጥረግ፣ ነድቶ ማየት። መፍሰሱ ከቆመ ሥራው አልቋል፤ ወጪው ባዶ ጠርሙስ ነው። ካልቆመ ደግሞ ምንም አልጠፋም።

ሁለተኛው ምክንያት ዝገት ነው። የቆመ ሞተር ሕመም የምለው ይህን ነው። ሞተሩ ሲቆም የቱቦው አንዱ ክፍል ከታችኛው እግር (ቱቦው ገብቶ ከሚንሸራተትበት) ውጭ ተጋልጦ ይከርማል። ሸራ የለበሰ ሞተር ደግሞ እርጥበቱን ከሥሩ አፍኖ ይይዛል። ክሮሙ በጥቃቅን ነጥቦች ይነሳና ከሥሩ ያለው ብረት ይዝጋል። ዓይን ላያየው ይችላል፤ ጥፍር ግን ያገኘዋል። ቱቦውን አጽድቶ ጥፍርን ከላይ ወደ ታች ማንሸራተት ነው። ጥፍር የያዘበት ቦታ ኦይል ሲሉንም ይልጠዋል። በእንደዚህ ዓይነት ቱቦ ላይ አዲስ ኦይል ሲል መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ያፈስሳል።

ሆኖም ጉድጓድ ሁሉ አንድ አይደለም። ፎርኩ እስከ መጨረሻው ቢጨመቅም ኦይል ሲሉ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ካለ ዝም ብሎ መተው ይቻላል። ኦይል ሲሉ በሚመላለስበት ቦታ ያለው ትንሽ ነጥብ ከሆነ፣ በጣም በደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት የተነሳውን ጠርዝ ማለስለስ ያስፈልጋል። ከዚያ ቦታውን ከቅባት አጽድቶ ሁለቱ ተቀላቅለው በሚጠነክሩት ዓይነት ኤፖክሲ ሙጫ መሙላት፤ ሲደርቅ ከቱቦው ጋር እስኪስተካከል ማሸት። ብዙ አሮጌ ሞተረኞች በዚህ ዓመታት ይነዳሉ። ሰፋ ብሎ የተላጠ ክሮም ግን ቱቦ መቀየር ወይም እንደገና ክሮም ማስነከር ይፈልጋል።

ሦስተኛው ምክንያት መበላት ነው። በታችኛው እግርና በቱቦው መሃል ያሉት ቡሽ የሚባሉት ቀለበቶች ሲበሉ ቱቦው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወላገዳል። ኦይል ሲል ውልግድናውን አይከተልም። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ የፎርኩን ታች ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት፤ ሌላ ሰው ጣቱን ቱቦውና ታችኛው እግር የሚገናኙበት ላይ ያሳርፍ። ጣቱ ንቅናቄ ከተሰማው ችግሩ እዚያ ነው። መሪው ሥር ከተሰማ ደግሞ የአንገቱ ኩሽኔታ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

«ቁጥሩ የሚገጥም ማንኛውም ኦይል ሲል» የሚለውስ? ኦይል ሲል ላይ ሦስት ቁጥሮች ይታተማሉ። የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ናቸው፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር። ሶማሌ ተራ ወይም ኩሽኔታ ከሚሸጥበት ሱቅ ብትሄዱ በእነዚህ ቁጥሮች የሚመጥን ልታገኙ ትችላላችሁ። ግን ያገኛችሁት ምናልባት ለሚሽከረከር ዘንግ የተሠራ ነው። የሱ ከንፈር የተዘጋጀው አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ለሚዞር ብረት ነው። የፎርክ ቱቦ አይዞርም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ጭቃም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ለፎርክ የተሠራውን መፈለግ ነው። የሞተራችሁ ስም ያለበት ባይገኝ እንኳ ቱቦው ተመሳሳይ ስፋት ካለው የሌላ ሞተር ፎርክ ልክ የሚመጣ ሊኖር ይችላል። ሻጩን «የሞተር ሳይክል ፎርክ» ብላችሁ ጠይቁት። «ያው ነው ባክህ» ካለ ቀጥሉ ወደሚቀጥለው ሱቅ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለሙያ ክብር ብዬ አይደለም። ከፎርክ የሚወርደው ዘይት ማረፊያው የፍሬን ዲስክና ሸራ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣላል፤ ታጥቦ አይመለስም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ወፍራሙ ዘይት።

ጸሐፊው መንገዳችን መጥፎ ስለሆነ ፎርኩ መጠንከር አለበት ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ከአባይ በረሃ ቁልቁለት ፍሬን ይዞ የሚወርድ ሰው ፎርኩ እየሰመጠ ሲሄድ ደስ አይለውም። ግን ዘይት ክብደት አይሸከምም። የሚሸከመው ሞላው ነው፤ ከላይ የታፈነው አየርም ትንሽ ያግዘዋል። የዘይቱ ድርሻ ሞላው ሲጨመቅና ሲመለስ ፍጥነቱን መግታት ብቻ ነው።

በእነዚህ አሮጌ ፎርኮች ውስጥ ዘይቱ የሚያልፈው በቋሚ ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳዎቹ እንደ ሁኔታው አይሰፉም፣ አይጠቡም። ፎርኩ በዝግታ ሲጨመቅ ዘይቱ ያልፋል፤ በፍጥነት ሲጨመቅ ግን ተቃውሞው በጣም ይንራል። እስቲ አስቡት። ፍሬን ሲያዝ ፎርኩ የሚወርደው በአንጻሩ ቀስ ብሎ ነው። የኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታው ግን በቅጽበት መነሳት አለበት። ወፍራም ዘይት ታዲያ በማን ላይ ይበረታል? በኮብልስቶኑ ላይ። ማለትም ጸሐፊው ሊያለዝቡት በፈለጉት መንገድ ላይ ፎርኩ እንደ ድፍን ብረት ይሆናል፤ ሊያስቆሙት የፈለጉት መስመጥ ግን ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ፍሬኑ ተይዞ ከቆየ ሞላው የሚሰምጠውን ያህል ይሰምጣል።

ሌላም ጣጣ አለ። ወፍራም ዘይት ፎርኩ እንዳይመለስም ይይዘዋል። አንዱን ድንጋይ መትቶ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርሳል። ከዚያ ሦስተኛው። ረጅም ኮረኮንች ላይ ፎርኩ እየተጨመቀ፣ እየተጨመቀ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል። ነጂው «ሾኩ ደረቀ» ይልና በሚቀጥለው ጊዜ የባሰ ወፍራም ይሞላል።

ውፍረቱን በቁጥር እንየው። 10 ቁጥር የሚባለው የፎርክ ዘይት በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ30 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው) ብዙም የራቀ አይደለም። የሞተር 40 ቁጥር ዘይት በዚያው ሙቀት 150 አካባቢ ነው። ልዩነቱ አራት እጥፍ ያልፋል። የሱሉልታን የጥቅምት ጠዋት ውርጭ ጨምሩበት። ሁለቱ ዘይቶች የሚቆጠሩበት መለኪያ አንድ እንዳልሆነም ጸሐፊው ልብ አላሉም። የፎርክ ዘይት 10 እና የሞተር ዘይት 10 አንድ ነገር አይደሉም። የፎርክ ዘይቶቹ እንኳ 10 ተብለው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ።

«የፎርክ ዘይት እዚህ አይገኝም» ለሚሉት መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ጂኤል 1000 እና ቀጥሎ የመጣው ጂኤል 1100 በፋብሪካው መመሪያ ላይ ለፎርካቸው የታዘዘላቸው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ይህ ዘይት በየዘይት መሸጫው አለ። 32 ቁጥር ሃይድሮሊክ ዘይትም አለ፤ ቁጥሩ ራሱ በ40 ዲግሪ 32 ሴንቲስቶክ ማለት ነው። ሁለቱም ከሞተር ዘይት እጅግ የተሻሉ ናቸው። የሞተራችሁ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ።

በነገራችን ላይ፣ ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1993 በአር 1100 አርኤስ የጀመረው ቴሌሌቨር የሚባለው የፊት አሠራር ያለው ሞተር ካላችሁ ይህ ክርክር አይመለከታችሁም። እዚያ ሞላውና ሾኩ ለብቻቸው ናቸው። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ዘይት ማለስለሻ ብቻ ነው፤ ብታወፍሩት ምንም አይጨምርም።

መስመጡ የምር ካስቸገረስ? መጀመሪያ መለካት ነው። ቱቦው ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ ላላ አድርጎ ማሰርና ወደ ታች፣ እስከ አቧራ መከላከያው ማስጠጋት። ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ምልክት መያዝ። ከዚያ እንደ ዘወትሩ ጓዝ ጭኖ፣ ቀስ ብሎ መቀመጥና ቀስ ብሎ መውረድ። ለመንገድ ሞተር፣ በራሱ በሞተሩ፣ በነጂውና በጓዙ ክብደት የሚወርደው ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ ከበለጠ ሞላው ደክሟል ወይም አጥሯል። ከሞላው በላይ ረዘም ያለ ማስቀመጫ ቢገባ ከፍታው ይመለሳል። ከውሃ ፒቪሲ ቱቦ ቀጥ አድርጎ የተቆረጠ ቁራጭ፣ ከላይና ከታች ሮንዴላ ያለው፣ ይህንን ሥራ ይሠራል። ሞላውን አያጠነክረውም፤ የሚነሳበትን ቦታ ብቻ ይቀይራል። ለመጨረሻው መስመጥ ደግሞ የዘይቱን ከፍታ በ10 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ማድረግ ይረዳል። ከላይ ያለው አየር ስለሚያንስ ፎርኩ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ይከብዳል፤ መጀመሪያው ላይ ግን እንደለሰለሰ ይቀራል። ኮረኮንች የሚፈልገውም ይህን ነው።

እኩል ሚሊ ሊትር ስለ መጨመር የሚሉት ለአዲስ ፎርክ ይሠራል። ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ለተገጠመም ይሠራል። ከታች ባለው መፍሰሻ ብቻ ለተቀየረ ዘይት ግን አይሠራም። አንዱ እግር ውስጥ ብዙ አሮጌ ዘይት ይቀራል፣ በሌላው ትንሽ። እኩል ብትጨምሩ ድምሩ እኩል አይሆንም። የሚለካው ከላይ ነው። ሞላው ወጥቶ፣ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ፊት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ። መመሪያው ቁጥሩን ይሰጣል። መሣሪያው ከመድኃኒት ቤት ይገኛል። ትልቅ ሲሪንጅና የጉሉኮስ ቱቦ። ቱቦው ላይ በሚፈለገው ርዝመት ምልክት አድርጎ እስከ ምልክቱ ማስገባት፤ ትንሽ ትርፍ ዘይት ሞልቶ አየር መሳብ እስኪጀምር መምጠጥ። ከመለካት በፊት ፎርኩን ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ማድረግ አይረሳ፤ የታፈነው አየር ካልወጣ ልኬቱ ይዋሻል።

ጸሐፊው የዘለሉት አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ አለ። የፎርኩ ክዳን ሥር ሞላው ተጨምቆ ተቀምጧል። ሞተሩ በፊት ጎማው ላይ ቆሞ ሳለ ክዳኑን የሚፈታ ሰው ክዳኑ ፊቱ ላይ ይወነጨፋል፤ ሞተሩም በአፍንጫው ይደፋል። መጀመሪያ ጎማው ከመሬት ይነሳ። ክዳኑን የሚያቅፈው የላይኛው ማሰሪያ ብሎን ይላላ። ክዳኑ በመጨረሻዎቹ ጥርሶች ላይ በመዳፍ ተጭኖ ይፈታ። ፊት ደግሞ ዞር ይበል።

ከፍታ ፎርክን አይነካም የሚለው ስህተት ነው፤ ትንሽ ስህተት ግን ነው፣ አላጋንነውም። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ላይ ወደ 76 ይወርዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ክዳኑ የተዘጋ ፎርክ እዚህ ሲደርስ ከውጭው አየር በ25 ኪሎ ፓስካል የሚበልጥ ግፊት ይዟል። 38 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ቱቦ ላይ ሲሰላ በየእግሩ ሦስት ኪሎ ገደማ ግፊት ነው። ሞላው አይሰማውም። አሮጌ ኦይል ሲል ግን ይሰማዋል፤ ዘይቱን ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ሁልጊዜ አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው። ፎርኩን ዘርግቶ፣ ጎማውን ከመሬት አንስቶ፣ የአየር መተንፈሻ ካለው ከፍቶ መዝጋት።

ፎርኩ እንደ ጎልድ ዊንግ ጂኤል 1100 በአየር የሚታገዝ ከሆነ ግን ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። እዚያ የሚሞላው አየር ግፊቱ ከጎማ ያነሰ ስለሆነ የከፍታው ለውጥ ቀላል የማይባል ድርሻ ይይዛል። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ የሚወርድ ሰው እዚያ ደርሶ እንደገና ቢለካ ጥሩ ነው። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስሞላት ግን አይሞከርም። በፎርኩ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ትንሽ ነው፤ በዓይን ጥቅሻ ኦይል ሲሉን ይገነጥለዋል። የብስክሌት የእጅ ፖምፓ ይበቃል።

ከሁሉም ያሳሰበኝ የአንገቱ ዳዶ ምክር ነው።

መሪ የሚንቀጠቀጥበት ምክንያት ብዙ ነው። ያለ ቅጥ የተበላ ወይም ነፋስ ያነሰው ጎማ። የላላ የጎማ ኩሽኔታ። የኋላ ሳጥን ውስጥ የታጨቀ ጓዝ፤ ክብደት ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ሲወጣ የፊቱ ይቀላል። እነዚህ ሳይታዩ ዳዶው ሲጠብቅ መንቀጥቀጡ ሊደበቅ ይችላል። ምክንያቱ ግን እዚያው ነው። በምትኩ ሌላ ችግር ይመጣል። ባለ ሁለት ጎማ ቀጥ ብሎ የሚሄደው መሪው በጥቃቅኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ራሱን ስለሚያስተካክል ነው። ኩሽኔታው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ያንን ማድረግ አይችልም። ሞተሩ በዝግታ ይዋልላል፤ ነጂው ሳያቋርጥ ያርመዋል። ጭቃ ላይ በዝግታ ሲነዱ ይህ ወደ መውደቅ ያደርሳል።

መመርመሪያው እንዲህ ነው። የፊት ጎማውን ማንሳት፤ በሞተሩ ሥር ጣውላ አድርጎ በክሪክ መደገፍ ይቻላል። መሪውን በሁለት ጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዞር። መሃል ላይ፣ ልክ ቀጥታ በሚነዳበት ቦታ፣ «ጠቅ» ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ የኩሽኔታው መሄጃ ተበልቷል። ሞተር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚነዳው ቀጥታ ስለሆነ ምቱን የሚቀበለው ያው አንድ ቦታ ነው። ግራሶው ተገፍቶ ይወጣል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ያንን ማጥበቅ አያድነውም፤ ያባብሰዋል። ጠቅታ ከሌለ የፎርኩን ታች ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መነቅነቅ። ውልግድና ካለ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ፤ ውልግድናው እንደጠፋ ማቆም። ከዚያ በኋላም መሪው በራሱ ክብደት ከመሃል ወደ ጎን መውደቅ አለበት።

በዚያ ዘመን ብዙ የጃፓን ሞተሮች አንገት ውስጥ ያሉት ልቅ ኳሶች ናቸው። የእኔ ዓይነቱ ቢኤምደብልዩ ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ አለው። የትኛውም ቢሆን ሲቀየር ከነመሄጃው ቀለበት ነው። አሮጌውን ቀለበት ማውጣት ብዙዎችን ያስለቅሳል፣ የሚመታበት ጠርዝ የለውምና። እዚህ ላይ የሰፈር በያጅ ወርቅ ነው። በቀለበቱ ውስጠኛ ፊት ዙሪያውን አንድ መስመር ብየዳ ያስኬድበታል። ሲቀዘቅዝ ይሸበሸብና በቀላሉ ይወጣል። ባትሪው መጀመሪያ ይነቀል፤ የብየዳው ገመድ መሬትም እዚያው አጠገብ ይታሰር።

ስለ ተጣመመው መሪ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ከቀላል መውደቅ በኋላ መሪው ቢጣመም ፎርኩ ታጥፏል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ እግሮቹ ማቀፊያቸው ውስጥ ተንሸራተው ነው። ግን ሁሉም ጠብቆ ሳለ በጉልበት መጠምዘዝ ምንም አይፈይድም፤ የእነዚህን ቢኤምደብልዩዎች የላይኛ ማቀፊያ ሳህን ደግሞ ሊያጣምመው ይችላል፣ ወፍራም አይደለምና። መጀመሪያ የጎማው አክስል፣ የፓራፋንጎው ብሎኖችና የማቀፊያዎቹ ብሎኖች ይላሉ። ከዚያ ይስተካከላል። ፎርኩ ጥቂት ጊዜ ይጨመቃል፣ ራሱ ቦታውን እንዲያገኝ። ቀጥሎ ከማቀፊያዎቹ ይጠብቃል፤ አክስሉን የሚያቅፈው ብሎን መጨረሻ።

እንዲያም ሆኖ ካልተስተካከለ ቱቦውን አውጥቶ የመስኮት መስታወት ላይ ማንከባለል ነው። ከሥሩ ብርሃን እየታየ ከጠፋ ታጥፏል። ለስላሳ መታጠፍ ፕሬስ ያለው ጥሩ ባለሙያ ያቃናዋል። የተጨማደደ ወይም ክሮሙ የተሰነጠቀ ቱቦ ግን ይጣል።

የቆርቆሮ ቁራጩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። መሪ የሚንሸራተተው አብዛኛውን ጊዜ ቅባት ወይም ቀለም ስላለበት ነው፣ ወይም ማሰሪያው በተሳሳተ አቅጣጫ ተገጥሞ። በቤንዚን ማጽዳት፣ ቀለሙን መፋቅ። ማሰሪያው ላይ የነጥብ ወይም የቀስት ምልክት ካለ መመሪያውን ማየት፤ በብዙ የጃፓን ሞተሮች ምልክቱ ወደ ፊት ይዞራል፣ የፊቱ ብሎን ቀድሞ ይጠብቃል፣ ክፍተቱ ከኋላ ይቀራል። ቆርቆሮ የገባበት ማሰሪያ በሁለት ነጥብ ብቻ ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ ክብደቱን ሁሉ መሪው ላይ የጣለ ሰው በዚያ ሊተማመን አይገባም። መሪውን ከፍ ያደረገ ሰው ደግሞ ሞተሩን በሚኒሞ አስነስቶ መሪውን እስከ ጫፍ ያዙር። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ የነዳጅ መስጫው ገመድ አጥሯል።

ስለ ቶርክ ቁልፍ ግን እስማማለሁ፤ ውድ ነው። ያለ እሱም መለካት ይቻላል። ብዙ መሪ ማሰሪያዎች የሚፈልጉት የማጥበቂያ ኃይል ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ነው። ቁልፉ ወለል ትይዩ ሆኖ ይያዝና ከብሎኑ መሃል 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ 10 ሊትር ውሃ የያዘ ጄሪካን ይንጠልጠልበት። ይህ 20 ኒውተን ሜትር ነው። ጄሪካኑ ቁልፉን ማውረዱን ሲያቆም ብሎኑ ደርሷል። አንዴ እንዲህ ያደረገ ሰው እጁ ምን ያህል ሲያጠብቅ እንደነበር ያያል። አልሙኒየም ማሰሪያ የሚሰነጠቀው በዚያ ትርፍ ነው።

አንድ ከሰዓት የሚለው ለዘይት ቅየራ ይበቃል። ኦይል ሲል የሚፈልግ ሞተር ግን ለመፍታት አንድ ቀን፣ ዕቃ ለመፈለግ መርካቶ ሌላ ቀን ይበላል። ማታ እየጨለመ የሚገጠም አክስል አልወድም። ተገጥሞ ሲያልቅ መጀመሪያ ፍሬኑን ቆሞ መጭመቅ፤ ጎማ ሲወጣ ሸራው ወደ ኋላ ተገፍቶ ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያው ጭመቃ ባዶ ይሆናል። ከዚያ ወደ ጫንቾ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ነድቶ መመለስና ብሎኖቹን በቁልፍ መንካት። ቱቦዎቹ ላይ ቀጭን የዘይት ወዝ ቢታይ ጤና ነው። ቀለበት ሠርቶ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ያው ሃይላንድ ጠርሙስ ይፈለግ።